የፎገራው ሊቅና ያልተጻፈው ኖታ

የሙዚቃ ወዳጆች አንድ መልካም ልማድ አላቸው። ሸክላ ሲሰሙ የዘፋኙን ስም በማወቅ ብቻ አይረኩም፤ ከኋላ ሆኖ ትሮምቦኑን የነፋው ማን እንደ ሆነ ይጠይቃሉ፤ ስሙን ካገኙም በኋላ ኖታውን ይፈልጋሉ። ስማቸው እምብዛም ያልተሰማውን የጃፓን የጃዝ ነፊዎች በዚህ ዓይነት አንድ በአንድ የሚለቅሙ አሉ። የእኛም አገር ሙዚቃ፥ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ እትም ካወጣ ወዲህ፥ በእነዚሁ ፈላጊዎች ዘንድ ታውቋል። የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን የዚሁ እትም 14ኛ ክፍል ሆኖ በውጭ አገር ተደምጧል። በሳክስፎኑ ያሰማው ግን ሽለላን ነው፤ ሽለላም ከአፍ ወደ ጆሮ የሚተላለፍ እንጂ ከኖታ የሚማሩት አይደለም።

እንግዲህ ይህንኑ ጥያቄ ወደ ፎገራ ይዘን ብንሄድ ምን እናገኛለን? ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያወጣው መንገድ ወደ ደብረ ታቦር የሚከፈልበት ከተማ ነው። ሜዳውን ርብና ጉማራ በክረምት ያጥለቀልቁታል፤ ዛሬ ሩዝ ይበቅልበታል፤ ዳርቻውም ጣና ነው። አለቃ ገብረ ሐና በ19ኛው መቶ ዓመት የተወለዱት በዚሁ በፎገራ፥ በናበጋ ነው። ስማቸውን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ በጥቂቱ ነው። ነገር ግን አብዛኛው ሰው የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው።

ቀልዱን አንነቅፍም፤ አማርኛን ያሳመረ ብልሃት ነውና። የእርሳቸው ይሁን አይሁን ያልተረጋገጠው ሁሉ በስማቸው መነገሩም የዝናቸው ምስክር ነው። የምንነቅፈው ጨዋታው ሊቅነታቸውን መጋረዱን ነው። በሸክላው ላይ ነፊውን የሚሸፍነው ዘፋኙ ነው፤ አለቃን ግን የሸፈኑት ራሳቸው አለቃ ናቸው።

የአቋቋም ሊቃውንት ላይ ቤት፥ ታች ቤትና ተክሌ የሚባሉ ስልቶችን ይለያሉ። ተክሌ የተባለው ስልት መነሻው አለቃ ገብረ ሐና እንደ ሆኑ፥ የአካሉንም ውዝዋዜ ከጣና ማዕበልና ማዕበሉ ከሚያወዛውዘው ደንገል እንደ ወሰዱት ይነገራል። የጎንደር ካህናት አዲሱን ስልት አንቀበልም ቢሏቸው ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ስሙም ከዚያ ወጣ፤ ከደብረ ታቦርም ተስፋፋ ይባላል። ትውፊቱን እንደ ትውፊት እንቀበለው። ስልቱ ግን ዛሬም በማሕሌት ቆሞ የሚታይ ነው።

የዚህን ስልት ኖታ የሚፈልግ ሰው ወዴት ይሂድ? አገራችን የዜማ ጽሕፈት አላጣችም። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559) ዐዛዥ ጌራና ዐዛዥ ራጉኤል ምልክትን እንዳደራጁ ይነገራል። ይዘት፥ ደረት፥ ርክርክ፥ ድፋት፥ ጭረት፥ ቅናት፥ ሂደት፥ ቁርጥ እየተባሉ በድጓው ቃል ላይና ታች የሚሰፍሩት ምልክቶች ድምፁ የሚወጣበትን፥ የሚወርድበትንና የሚረግጥበትን ያስታውሳሉ። ኬይ ካውፍማን ሸለመይና ፒተር ጀፈሪ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1997 ባሳተሙት ሦስት ቅጽ ሥራ ይህንኑ ዜማ በአውሮፓ ኖታ ጭምር ለዓለም አቅርበዋል። ይህ ታላቅ ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ ምልክቱ የተሠራው ለድምፅ ነው። አቋቋም ደግሞ ድምፅ ብቻ አይደለም። በዝማሜ መቋሚያው ከዜማው ጋር ቀስ ብሎ ይዘማል፤ በመረግድ ከበሮው ይገባል፤ በጽፋት ጭብጨባውና ምቱ ይፈጥናል። መጽሐፍ «እዚህ ላይ ይመረገዳል» ቢል እንኳ ትከሻው ምን ያህል እንደሚያዘነብል፥ ጉልበቱ መቼ እንደሚላላ አይነግርም። ይህ የሚታወቀው ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ ጎን ለዓመታት ሲቆም ነው። ስለዚህ የአለቃ ገብረ ሐና ኖታ የቆመው ሰው ራሱ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ከዚህ የምንደርስበት ፍርድ ግልጽ ነው። ወረቀት አይራብም፤ መምህር ግን ይራባል፤ ተማሪውም ቁራሽ ለምኖ የሚማር ነው። የጠፋን ሸክላ አንዱ ፈላጊ ከሌላው ጓዳ ሊያገኘው ይችላል። አንድ የአቋቋም መምህር ሳያስተምር ያለፈ እንደ ሆነ ግን የቀረውን በየትኛውም ገበያ አናገኘውም። በፊልም መቅረጽ ይረዳል፤ መምህሩ አጠገብ ቆሞ «ይህ ትክክል ነው፤ ይህ ስሕተት ነው» ካላለ ግን ፊልሙም ያየውን እንጂ ሕጉን አያስተምርም።

እንግዲህ ባለሥልጣኑ ጉባኤ ቤቱን በሚደግፍበት፥ አስተማሪው የአገሩን ታሪክ በሚናገርበት፥ ተማሪውም ስም በሚለቅምበት ጊዜ፥ ከቀልዱ ቀጥሎ ስልቱን ይጠይቁ። በወረታ መገንጠያ ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፍ መንገደኛ የአለቃን ጨዋታ እያነሣ ቢስቅ መልካም ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ግን ያልተጻፈው ኖታቸው ገና በሰው እግር ላይ ቆሞ እንደሚገኝ ይወቅ።