ጓዳው ክፍት ነው

የድረ ገጽ ሥራ መማር ከጀመርኩ ወዲህ በጣም የወደድኩት ነገር የገጽን ምንጭ ኮድ ማየት ነው። ኮምፒውተር ላይ አንድ ገጽ ከፍቶ ኮንትሮልና ዩን አንድ ላይ መጫን ብቻ ነው፤ ገጹ የተሠራበት ኤችቲኤምኤል ቁልጭ ብሎ ይመጣል። ርእሱ የት ተከፍቶ የት እንደተዘጋ፣ ፎቶው ከየት እንደተጠራ ይታያል። ፈቃድ የለም፣ ክፍያም የለም። ለጀማሪ ጓዳውን እንዲህ ወለል አድርጎ የሚከፍት ሙያ ብዙ አላውቅም።

ነገሩ የቆየ ቸርነት ነው። ቲም በርነርስ ሊ የድሩን ሐሳብ ሰርን በሚባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ውስጥ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1989 ነበር፤ በ1993 ደግሞ ሰርን ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለቀቀው።

ከማየት አልፎ መነካካትም ይቻላል። የብሮውዘሩን መመርመሪያ ከፍቼ አንድ የአማርኛ ዜና ላይ የመስመሩን ከፍታ ከ1.2 ወደ 1.7 ሳደርገው የተጨናነቁት ፊደላት ወዲያው ተነፈሱ። የኛ ፊደል ቦታ ይፈልጋል፤ ይህን ከየትኛውም ትምህርት በላይ ያሳየኝ ያ ቁጥር ነው። ለውጡ የሚታየው በኔ ስክሪን ላይ ብቻ ስለሆነ የሰው ሥራ አይበላሽም፤ ገጹ ሲታደስ ሁሉም እንደነበረ ይሆናል።

ዛሬ ዛሬ በጃቫስክሪፕት የታጨቁ ትልልቅ ገጾች ምንጫቸው ለንባብ ይከብዳል። ስለዚህ ለሚጀምር ሰው የምመክረው የመጀመሪያውን ድረ ገጽ ነው፤ ሰርን ቅጂውን ዛሬም አኑሮታል። ምንጩ ከርእስ፣ ከዝርዝርና ከማያያዣ ብዙም አያልፍም፤ በአንድ ቁጭታ ተነቦ ያልቃል።