የአምባሰል ዜማ በርካሽ ካሴት ሲመዘን

አምባሰል ስሙን ያገኘው ከሐይቅ በስተሰሜን ካለው ተራራማ አገር ነው። ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ ሲሆን፣ የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድንና ማሪቱ ለገሰ ለሰፊው አድማጭ አድርሰውታል። ብዙ ሰው የሰማው ግን በካሴት ነው፤ ያውም ከቅጂ በተቀዳ ቅጂ። እንዲህ ባለ ቀረጻ ላይ ፍርድ የሚሰጥ ሃያሲ የዘፋኙን ጉድለት ከቀረጻ ባለሙያው፣ የባለሙያውንም ከክሩ ለይቶ ማየት ይኖርበታል።

የካሴት ክር ስፋቱ 3.81 ሚሊ ሜትር፣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ነው። በዚህች ጠባብ ክር ላይ የሁለቱም ገጽ የግራና የቀኝ ድምፅ ይሰፍራል። ስለዚህ ከሥር የማያቋርጥ የሽሽታ ድምፅ አለ፤ በተቀዳ ቁጥርም ይብሳል።

ይህ ጉድለት ሁሉንም ሙዚቃ እኩል አይጎዳም። በ1895 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ሙሉ በሙሉ የቀረበው የማህለር ሁለተኛ ሲምፎኒ መዘምራኑን የሚያስገባው ከሹክሹክታ በማይለይ ለስላሳ ድምፅ ነው። በርካሽ ካሴት ላይ ያ ቅጽበት በሽሽታው ይዋጣል። የአምባሰል ተቀባዮች ግን በጭብጨባና በከበሮ ታጅበው በሙሉ ድምፅ ይገባሉ፤ ሽሽታው ብዙም አይነካቸውም። እነሱን የሚጎዳቸው የማይኩ አቅም ማነስ ነው። አቀንቃኟ ፊት ለፊት፣ ተቀባዮቹ ከኋላ ቆመው በአንድ ማይክ ሲቀረጹ፣ ሁሉም አንድ ላይ የሚያዜሙበት ቦታ ይሰባበራል፤ ቃሉም አይለይም። ይህ የባለሙያው ጉድለት እንጂ የክሩ አይደለም።

ዋናው ፈተና ቅኝቱ ላይ ነው። አምባሰል ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል እና ላ ፍላት ይሆናል። ከፋ የሚነሳ ትዝታ ማይነርም የሚጠቀመው እነዚሁኑ አምስት ድምፆች ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ዜማው የሚያርፍበት ድምፅ ነው። ስለዚህ የስንኙ መጨረሻ ተድበስብሶ የተቀረጸ ወይም ሳያርፍ የተቆረጠ ካሴት፣ የቀረው ሁሉ ጥርት ቢልም፣ አምባሰልን አላደረሰም። በአንጻሩ ቴፑ ወጥ በሆነ ፍጥነት 6 በመቶ ቢፈጥን ዜማው በሙሉ በግማሽ ድምፅ ያህል ከፍ ይላል እንጂ ቅኝቱ አይፈርስም። ፍጥነቱ ሲዋዥቅ ግን ከዶ ወደ ሬ ፍላት ያለችው ግማሽ እርምጃ ትናወጣለች፤ የአምባሰል ጠባይ ደግሞ በአብዛኛው እዚያች እርምጃ ላይ ነው። ይህን ሰምቶ ዘፋኟን ከቅኝት ወጥታለች ማለት ግፍ ነው።

ከአጃቢዎቹ በቅጂ ብዛት ቀድሞ የሚጠፋው የማሲንቆው የጭራ ፍትጊያ ነው፤ ማሲንቆው የራቀ፣ የደበዘዘ ይመስላል። የከበሮው ጥልቅ ምት ደግሞ በትንሽ ቴፕ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ወደ ደረቅ ኳኳታ ይለወጣል፤ በተሻለ ማጫወቻ ሲሰማ ክሩ ላይ ተጠብቆ ሊገኝ ስለሚችል ፍርዱ ከዚያ በኋላ ቢሰጥ ይሻላል።

የቆየ ካሴት በኮምፒውተር ሲጸዳም ጥንቃቄ ያሻል። ሽሽታው የሚገኘው የጭራው ፍትጊያና የአቀንቃኟ ትንፋሽ በሚገኙበት ከፍተኛ የድምፅ ክልል ነው፤ አንዱ ያለ ልክ ሲወገድ ሌሎቹም አብረው ይሄዳሉ። ሽሽታ እያለው ማሲንቆው ሕይወት ያለው ቅጂ፣ ጸድቶ ከደነዘዘው ይበልጣል።