የችቦው ሂሳብ

ጠረጴዛ ከበን በወሬና በዳይስ የምንጫወተውን «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ስመራ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያሰለቸኝ ጠንቃቃ ተጫዋች ነው። አንዱ ወዳጄ የዋሻውን ወለል በረጅም እንጨት፣ ድንጋይ በድንጋይ፣ ወጥመድ ፍለጋ ሲቆረቁር ማታው አለቀ። አዲሷ ተጫዋች ስልኳን ስትነካካ አመሸች፤ በሳምንቱ ቀረች። እኔም ጥፋቱን እሱ ላይ ደፈደፍኩት።

ቶም ሞልድቬይ እ.ኤ.አ. በ1981 ያሰናዳውን የጀማሪዎች መጽሐፍ ደግሜ ሳነብ ግን አፈርኩ። እዚያ መጠንቀቅ ይፈቀዳል፣ ግን ያስከፍላል። 10 ጫማ በ10 ጫማ ቦታ መፈተሽ 10 ደቂቃ ይፈጃል። ችቦ በ60 ደቂቃ ያልቃል። በየ20 ደቂቃው መሪው ባለ ስድስት ጎን ዳይስ ይጥላል፤ 1 ከወጣ ጭራቅ ከች ይላል። (ደረቅ ሠንጠረዥ ነው፣ አውቃለሁ።) ለእኔ ግን ከመጽሐፉ ሁሉ የሚበልጠው የትረካ ጥበብ ይኸው ነው፤ ተጫዋቹን የሚያጣድፈው ጨለማው ራሱ ነው።

ይህን ሂሳብ ስንት ዓመት እንደ ቢሮ ሥራ ቆጥሬ ዘለልኩት! ወዳጄ የቆረቆረው እኔ በነጻ ስለፈቀድኩለት ነው። ባለፈው ቅዳሜ ወረቀት ላይ ስድስት ሳጥን ሳልኩ፤ በየፍተሻው አንዱን አጠቆርኩ። አራተኛው ላይ እንጨቱን ተወና «በቃ፣ እንግባ» አለ።

ልጅቷ ጋ ልደውል አስቤያለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር ግን ገና አላወቅኩም።