«ምልክት»፣ «ስም» እና «ፈቃድ»፦ በንግድ ምልክት ምዝገባ ሙያዊ ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

የሕግና የንግድ ቃላት ወደ አማርኛ ሲመለሱ ብዙ ጊዜ የሚመዘኑት ለጆሮ በመጣፈጣቸው ወይም ከግእዝ በመገኘታቸው ነው። ዋናው ሚዛን ግን ሌላ መሆን ይገባዋል፤ ቃሉ በሥራ ላይ ሲውል ሊለያዩ የሚገባቸውን ነገሮች ለይቶ ያሳያል ወይስ ያደባልቃል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ «የንግድ ምልክት» የሚለውን ስያሜና አጃቢዎቹን በዚህ ሚዛን መመርመር ነው። ለማስረጃ የተመረጠው የሐረር ስም ነው፤ በቡናም በቢራም ገበያ ላይ የዋለ ስም በመሆኑ የቃላቱን ጥንካሬም ጉድለትም በግልጽ ያሳያል።

1. «ምልክት»

በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501 የንግድ ምልክትን የሚበይነው የአንዱን ሰው ዕቃ ወይም አገልግሎት ከሌላው ለመለየት የሚያስችል የሚታይ ምልክት አድርጎ ነው። ቃላት፣ ንድፎች፣ ፊደላት፣ ቁጥሮች፣ ቀለማት፣ የዕቃው ወይም የማሸጊያው ቅርጽ ሁሉ በብያኔው ይካተታሉ። በሐሳብ ረገድ ጉድለት የለበትም። በቃል ረገድ ግን ተበያኙም በያኙም ያው «ምልክት» ነው። እንግሊዝኛው ለሁለቱ ጽንሰ ሐሳቦች ሁለት ቃል ሲኖረው፣ አማርኛው አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ያሠራዋል።

ከዚህ የባሰው ቃሉ በሕዝብ አነጋገር ያለው ፍች ነው። ምልክት ሲባል በከብት ላይ የሚደረገው፣ በመንገድ ዳር የሚተከለው፣ በወረቀት ላይ የሚሰመረው ወደ ሐሳብ ይመጣል። ስለዚህ ነጋዴው «ምልክት አስመዝግብ» ቢባል ሥዕል ወይም ዓርማ የሚፈለግበት ይመስለዋል። ስሙማ በንግድ መዝገብ የገባ ነው ብሎ ያምናል። ነገር ግን «የንግድ ስም» የሚለየው ድርጅቱን እንጂ የሚሸጠውን ዕቃ አይደለም። በጁገል ውስጥ በመኪና ግርግር ልብስ የሚሰፋ ባለሙያ የሱቁን ስም ቢያስመዘግብ፣ በልብሱ ላይ የሚለጥፈው ስም በዚያው ተጠብቆለታል ማለት አይደለም። ሁለቱ ስያሜዎች ይህን ልዩነት አይናገሩም።

2. የተጸውዖ ስምና የወል ስም

የኢትዮጵያ መንግሥት በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የተባሉት የቡና ስሞች በአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮ እንዲመዘገቡለት አመለከተ። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ። ይርጋ ጨፌ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲመዘገብ የሐረርና የሲዳሞ ማመልከቻዎች በመጀመሪያ ውድቅ ተደረጉ። በሰኔ 1999 ዓ.ም. ስታርባክስ ለስሞቹ ዕውቅና የሚሰጥ የሥርጭት፣ የገበያ ማስፋፊያና የፈቃድ ስምምነት ከኢትዮጵያ ጋር ፈረመ።

በዚህ ሙግት ውስጥ ሥዕልም ቀለምም አልነበረም። ክርክሩ የቃል ፍች ክርክር ነበር፤ «ሐረር» የአንድ ምንጭ መለያ ነው ወይስ የቡና ዓይነት መጠሪያ? በእኛ ሰዋስው አነጋገር፣ የተጸውዖ ስም ነው ወይስ የወል ስም ሆኗል? የሕግ ተርጓሚዎቻችን ይህን የተዘጋጀ የቃል ጥንድ አለመጠቀማቸው ያስገርማል።

ስሙ የተጓዘበት መንገድ ራሱ ጥናት የሚሻ ነው። ነባሩ የከተማው ሕዝብ በቋንቋው አገሩን «ጌይ» ይለዋል። «ሐረር» የሚባለው ቡና የሚበቅለው በግንቡ ውስጥ ሳይሆን በሐረርጌ ደጋዎች ነው። ስሙ ከከተማ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ቡናው ተሸጋግሯል። መንግሥትም ከመልክዓ ምድራዊ አመልካች ይልቅ የንግድ ምልክትን የመረጠው፣ ቡናው በሚሊዮን በሚቆጠሩ አነስተኛ ማሳዎች የሚመረት በመሆኑ እያንዳንዱን መቆጣጠር ስለሚያዳግት ነበር።

ስም ወደ ወል የሚወርደው በአነጋገር ነው። ዛሬ «ባጃጅ ጥራ» የሚል ሰው የሕንድ ኩባንያ ስም መጥራቱን አያስብም። «ኦሞ» የማንኛውም የዱቄት ሳሙና፣ «ሮቶ» የማንኛውም የፕላስቲክ ውኃ ማጠራቀሚያ ስም ሆኗል። መዝገበ ቃላት አዘጋጂ ይህን መመዝገብ ግዴታው ነው። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ሙግት መዝገበ ቃላት ለማስረጃ እንደሚቀርብ መዘንጋት የለበትም። «ሐረር፦ የቡና ዓይነት» ብሎ የሚያልፍ ቃለ ፍች በተቃዋሚ እጅ መሣሪያ ነው፤ «በሐረርጌ ደጋዎች የሚመረት ቡና የሚሸጥበት ስም» የሚለው ግን እውነቱንም ባለቤቱንም ይጠብቃል።

3. ፊደልና ድምፅ

በውጭው ገበያ ስሙ በላቲን ፊደል አንዴ በአንድ፣ አንዴ በሁለት «ረ» ሲጻፍ ኖሯል። በእኛም ፊደል «ሐረር» እና «ሀረር» ለዓይን ሁለት፣ ለጆሮ አንድ ናቸው። ብያኔው «የሚታይ» በሚለው ቃል ላይ ቢያርፍም፣ ሸማች ቡናንም ቢራንም የሚጠይቀው በአፉ ነው። ስለዚህ በሞክሼ ፊደላት ብቻ የሚለያዩ ጽሕፈቶች እንደ አንድ ስም መቆጠር ይገባቸዋል፤ ይህም በመመሪያ በግልጽ ቢጻፍ ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ1984 የተቋቋመውና በ2011 ሄኒከን የገዛው የሐረር ቢራ ፋብሪካ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ቡና በዓለም አቀፉ ምደባ በ30ኛው፣ ቢራ በ32ኛው ምድብ ስለሚገቡ አንድ የቦታ ስም ለሁለት ባለቤቶች ሊሠራ ይችላል። ፋብሪካው ያወጣው «ሐኪም ስታውት» ደግሞ ለሐረር ሰው ከከተማው አጠገብ ያለውን ተራራ ሲያስታውስ፣ ለሌላው አማርኛ ተናጋሪ ባለ መድኃኒቱን ያስታውሳል። የስም መርማሪ የአካባቢውን ፍች ካላወቀ ፍርዱ ይሳሳታል።

4. «ፈቃድ» እና «የወል»

የ1999ኙ ስምምነት «የፈቃድ ስምምነት» ይባላል፤ ነገር ግን «ንግድ ፈቃድ» መንግሥት ለነጋዴ የሚሰጠው ነው። በስሙ እንዲጠቀም ባለቤቱ ለሌላው የሚሰጠው ሌላ ነገር በመሆኑ «የመጠቀም ፈቃድ» ቢባል ይለያል። እንዲሁም አንድ ማኅበር ለአባላቱ የሚያስመዘግበውን ምልክት «የወል» ማለት ከላይ ካየነው የሰዋስው ቃል ጋር ያጋጫል። የወል ስም ጥበቃ ያጣ ነው፤ የማኅበሩ ምልክት ግን ጥበቃ ያገኘ ነው።

5. የመፍትሔ ሐሳብ

«የንግድ ምልክት» በአዋጅ የጸና በመሆኑ መሻር አይቻልም፤ አይገባምም። በብያኔው ውስጥ ግን በያኙ «መለያ» ቢሆን ክብ ትርጉሙ ይፈታል፤ የቃሉም ተግባር ይገለጣል። በምዝገባ ቅጾችና በማስረጃ ጽሑፎች «የንግድ ምልክት (ስም፣ ሥዕል ወይም ሁለቱም)» ተብሎ ቢብራራ ነጋዴው ስሙን ሳያስጠብቅ አይቀርም። ለማኅበር ምልክት «የጋራ» የሚለው ቃል ይበቃል፤ «የወል» ለሰዋስውና ጥበቃ ላጣ ስም ይቆይ። የተሻለ ስያሜ ያለው አንባቢ ቢያቀርብ ጉዳዩ ገና ለውይይት ክፍት ነው።