የማይመልሰው ውቅያኖስ

የሳይንስ ልብ ወለድ ባዕድ ፍጡርን ሲያመጣልን አብዛኛውን ጊዜ ወይ ሊወጋን ወይ ሊያስተምረን ነው። ፖላንዳዊው ደራሲ ስታኒስዋቭ ሌም እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው «ሶላሪስ» ውስጥ ግን አንዲት ፕላኔትን የሸፈነው ሕያው ውቅያኖስ ሁለቱንም አያደርግም። መጽሐፉን ከዘውጉ ሥራዎች ሁሉ የማስቀድመው ለዚህ ነው፤ ሰው ያልሆነን አእምሮ በእውነት ሰው ያልሆነ አድርጎ ለመሳል ደፍሯል። ተመራማሪዎች ውቅያኖሱን ለትውልዶች ሲያጠኑ፣ ሲሰይሙና ሲከፋፍሉ ኖረው ቤተ መጻሕፍት ሞልተዋል፤ አልተግባቡትም። ሌም የእነዚህን ጥናቶች ይዘት በረጅሙ ሲተርክ የሚሰለች አንባቢ አለ። ያ ሁሉ ክምር ባይኖር ግን የሽንፈቱ መጠን አይታየንም ነበር።

ሥራው ቀዝቃዛ ነው፣ ልብ የለውም የሚሉም አሉ። እነሱ የሃሬይን ቀሚስ ልብ አላሉትም። በፕላኔቷ የምርምር ጣቢያ ውስጥ ዋናው ገጸ ባሕርይ ኬልቪን ከእንቅልፉ ሲነቃ ከዓመታት በፊት ራሷን ያጠፋችው ፍቅረኛው ሃሬይ አጠገቡ አለች። ቀሚሷ ግን መክፈቻ የለውም፤ አዝራሮቹ ለጌጥ ብቻ ናቸው፣ መቆረጥ አለበት። ውቅያኖሱ የሠራት ከእሱ ትዝታ ነው፤ ትዝታ ደግሞ ፊትን እንጂ የልብስን አከፋፈት አይዝም። ከዚህ የበለጠ የሚያም ዝርዝር በየትኛው የፍቅር ልብ ወለድ ይገኛል? መጽሐፉን ወደ ፊልም ያመጣው ዳይሬክተር አንድሬ ታርኮቭስኪም በ1972ቱ (እ.ኤ.አ.) ፊልሙ ይህን ቀሚስ አልተወውም። ሌም ፊልሙን አልወደደውም፤ ታሪኩን ከውቅያኖሱ ወደ ጸጸት አዙሮታልና። ፊልሙ ድንቅ ነው፤ በዚህ ክርክር ግን ከደራሲው ጋር ነኝ፤ ጸጸትን የሚያውቁ ፊልሞች ሞልተዋል፣ አለማወቅን እንዲህ የሚያከብር መጽሐፍ ግን ብርቅ ነው።