የመዋቅር ተመሳሳይነትና የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ

ግሪክኛና ቡልጋርኛ የአንድ ቤተሰብ ሁለት ቅርንጫፎች ቢሆኑም፣ ለብዙ ዘመን በመጎራበታቸው ንዑስ አንቀጽን ትተው «መሄድ እፈልጋለሁ» በማለት ፈንታ «እሄድ ዘንድ እፈልጋለሁ» እንደ ማለት ባለ አነጋገር ተገናኝተዋል። ለውጡ የሚታወቀው በሁለቱም ጥንታዊ ጽሑፎች ንዑስ አንቀጽ ስለሚገኝ ነው።

ቻርልስ ፈርግሰን እ.ኤ.አ. በ1976 ስለ ኢትዮጵያ የቋንቋ ክልል ያቀረቡት ጥናት በአገራችን ያለውን ተዛምዶ በባሕርያት ዝርዝር አሳይቷል። የዝርዝሩ ጉድለት የተወረሰውንና የተዋሰውን አንድ ላይ መደርደሩ ነው፤ ማውሮ ቶስኮም እ.ኤ.አ. በ2000 ይህንኑ ነቅፈዋል። ነቀፌታው ተገቢ ቢሆንም ሥራውን ከንቱ አያደርገውም እንላለን። የአማርኛ ግስ በዐረፍተ ነገር መጨረሻ መዋሉ የኋላ ለውጥ ለመሆኑ እኅቱ ግእዝ ምስክር ነው። ኦሮምኛ ግን እንዲህ ያለ ጥንታዊ ጽሑፍ ስለሌለው፣ እያንዳንዱ ባሕርይ ከየት ወደ የት እንደ ተሻገረ መፍረድ ያስቸግራል።

ከአዲስ አበባ አጠገብ ባለችው ዱከም ሁለቱንም ቋንቋዎች የሚናገር ሰው፣ በአማርኛ «ዝም አለ» ያለውን በኦሮምኛ «ጨል ጄዼ» ይለዋል። ድምፁ የተለያየ ነው፤ «አለ»ም «ጄዼ»ም ግን የማለት ግሶች ናቸው። ቃልን ከቃል ብቻ የሚያነጻጽር መዝገበ ቃላት ይህን አንድነት ያልፈዋል፤ በእርሱ የሚመራ ተርጓሚም ዝምታውን ንግግር ያደርገዋል። ስለዚህ አዘጋጆች «ዝም አለ»ን ራሱን የቻለ ቃል አድርገው እንዲመዘግቡ፣ «ውስ ነው» የሚለውን ፍርድ ግን ማስረጃ እስኪገኝ እንዲያቆዩ እናሳስባለን።