በልዓ ሰብ እንደ ኮሜዲ ሲነበብ

የበልዓ ሰብ ታሪክ እስካሁን የሚነበበው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ እንደ ስብከት፣ ወይ እንደ አስፈሪ ተረት። ሁለቱም የተራኪውን ጥበብ አያዩለትም። እኔ ኮሜዲ ነው እላለሁ፤ ያውም ካሉን ሁሉ በአሠራሩ የተዋጣለት። ይህ አነጋገር ድፍረት የሚመስለው አንባቢ የካቲት 16 ቀን፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ከመራዊ ወጣ ካሉት የሜጫ ገጠር አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ ቆሞ ምእመናኑን ይመልከት። ሰባኪው በልዓ ሰብ የበላቸውን 78 ሰዎች ሲቆጥር ከንፈር ይመጠጣል። ሰው በላው ቁስለኛውን አይቶ ሲጸየፍ ግን ከእናቶች ወገን በነጠላ የታፈነ ሳቅ ይሰማል።

ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው፤ እንግዳ ተቀባይ የነበረ ሰው ሰው በላ ሆኖ ሚስቱንና ልጆቹን ጨምሮ 78 ሰው ይበላል፤ ለአንድ ቁስለኛ በማርያም ስም ጥርኝ ውሃ ሰጥቶ ሲሞት በእሷ ይማራል። ልብ ማለት የሚገባን ያችን መጸየፍ ነው። ሚስቱንና ልጆቹን ያልማረ ሰው መንገድ ዳር የወደቀ ቁስለኛ ሲያገኝ ምግብ ያማርጣል! ተራኪው ይህን ያስገባው ጭካኔውን ሊያሳይ አይደለም፤ ጭካኔውማ አስቀድሞ ተመስክሯል። ያስገባው ለልመናው ጊዜ ለመግዛት ነው። ቁስለኛውን ሊገድለው የደረሰው ቁስል ከመበላት አድኖታል፤ ስለዚህ ይለምናል። በእግዚአብሔር ስም ይለምናል፤ እምቢ። በቅዱሳን ስም ይለምናል፤ እምቢ። በማርያም ስም ሲለምን ሰውየው ክው ይላል፤ እስቲ ድገመው ይላል። እየተደጋገመ ሄዶ በመጨረሻው ላይ የሚገለበጥ ነገር የጨዋታ አዋቂ ሁሉ የሚሠራበት ስልት ነው። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ የሚገኘው ደግሞ አንዲት ጥርኝ ውሃ ናት፤ እሷም ጉሮሮ አታርስም።

ከዚያ ሰውየው ሞቶ ለፍርድ ሲቀርብ ሚዛኑ ይመጣል። 78 ነፍስ ባንድ ወገን፣ ጥርኟ ውሃ በሌላው። ነፍሳቱ ይደፋሉ፤ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል? እመቤታችን ሕጉ ይሻር አትልም፤ ሚዛኑም አይለወጥም። ጥላዋ ብቻ በውሃው ላይ ያርፋል፤ ክብደት የሌለው ጥላ ሚዛን ደፋ። በሙግት ያደገ የጎጃም አድማጭ እዚህ ላይ የሚደሰተው በምሕረቱ ብቻ አይመስለኝም፤ በአረታቱም ነው። ሕግ ሳይጣስ ከሳሽን አፍ ማስያዝ የበልሃ ልበልሃ ችሎት የመጨረሻው ደስታ ነበር።

ሰዓሊዎቹ ይህን ከጸሐፊዎቹ ይልቅ የተረዱት ይመስለኛል። ዘጌ ላይ በኡራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደስ ግድግዳ ታሪኩ ተሥሏል። በሥዕል ወጋችን ክፉ ሰው በጎኑ፣ በአንድ ዓይን ይሣላል፤ ደግ ሰው በሙሉ ፊት፣ በሁለት ዓይን። በልዓ ሰብ ለዚህ ደንብ ፈተና ነው። ሁለተኛውን ዓይን የሚያገኘው መቼ ነው? ውሃውን ሲሰጥ? ሲሞት? ወይስ ሚዛኑ ሲደፋ? ይህን አንድ ጥያቄ ይዞ ከደብር ደብር የሚዞር የሥነ ጥበብ ተማሪ ቢገኝ ብዙ መጻሕፍት ያላሉትን ይነግረን ነበር።

ቅዱስ ታሪክ ኮሜዲ ሲሆን ምን ሊወጣው እንደሚችል የሕንድ የቴሉጉ ቋንቋ ፊልም ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በ1957 አሳይተዋል። የኬ. ቪ. ሬዲ «ማያባዛር» ከማሃባራታ፣ ከጥንታዊው የሕንድ ታላቅ ግጥም፣ ባለታሪኮች ቢነሣም፣ የሚተርከው የሳሲሬካ ጋብቻ የግጥሙ ደራሲ በሚባለው በቪያሳ መጽሐፍ ውስጥ የለም፤ ሕዝብ የጨመረው ነው። ዋነኞቹ ጀግኖች ፓንዳቫዎች በፊልሙ አንዴም አይታዩም። ጋቶትካቻ የተባለው ግዙፍ ጭራቅ የሙሽራዋን መልክ ለብሶ ሠርጉን ያተራምሳል፤ ተዋናይቱ ሳቪትሪም የሙሽራ ጌጧን እንዳደረገች በወንድ ጭራቅ ኩራት ትንጎራደዳለች። ክሪሽና አምላክም ነው፣ ተንኮለኛ አጎትም፤ አንዱ ሌላውን አላረከሰውም። የኛም በልዓ ሰብ ወንጌል ውስጥ የለም፤ ያለው በተአምረ ማርያም ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ያደረጉት ይህ መጽሐፍ ምንጩ ከባሕር ማዶ ነው፤ በዐረብኛ በኩል መጣ፣ እዚህ ሌላ ሆነ። ከቅዱስ መጽሐፍ መሐል ይልቅ በዳሩ ያለ ታሪክ ለጨዋታ ይመቻል።

የኛ ኮሜዲ ግን ሰማይን አያውቀውም። የተክለ ሐዋርያት ቲያትር «ፋቡላ» በአውሬዎች አፍ ቢናገር በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። የመንግሥቱ ለማ ቲያትሮች «ጠልፎ በኪሴ» እና «ያላቻ ጋብቻ» ግሩም ናቸው፤ ሁለቱም የጋብቻ ነገር ናቸው። ከእነርሱ ወዲህ ያለው የአዲስ አበባ ፊልም ጋብቻውን ወስዶ ግሩምነቱን ትቶታል፤ ሀብታም፣ ድሃ፣ ቪላ፣ የተሳሳተ ስልክ፣ ሠርግ። ሚዛን ላይ የሚያርፍ ጥላ ለካሜራ የተፈጠረ ነገር ሆኖ ሳለ አንድም ሠሪ እጁን ሲዘረጋለት አላየሁም። ለቅድስናው ከመጠንቀቅ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ስንፍና ነው እላለሁ።

በታሪኩ ውስጥ የማልታረቀው አንድ ነገር አለ፤ 78ቱ አይናገሩም። ይመዘናሉ እንጂ አይጠየቁም። ከመካከላቸው ሚስቱ አለች፤ እንግዳ ተቀባይ በነበረበት ዘመን ምጣዱን የጣደችው፣ እግር ያጠበችው እሷ ሳትሆን አትቀርም። ቲያትር የሚጽፍ ሰው ከሚዛኑ ላይ አስነሥቶ «በልሃ ልበልሃ» ያሰኛት፤ የመጀመሪያው ትዕይንት እሱ ነው።